ያልጮኸው ክላክስ

በያንዳራ ከተማ ኳስ ሜዳ፣ ከነጥብ ሰሌዳው በስተግራ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የምታስቆም ቦታ አለች። ሃያ ስድስት ክረምት ሙሉ ያችን ቦታ ሌላ ሰው አልነካትም። በአንደኛው ወገን የአልቢ ትሬዊን መኪና፣ ኪንግስውዷ፣ በሌላኛው ወገን የሌን ኮግላን መኪና፣ ፋልከኑ፤ አፍንጫቸውን ወደ ሜዳው አጥር አስጠግተው፣ ገንዳ ላይ እንደተገናኙ ሁለት ሽማግሌ ፈረሶች ቅዳሜ ቅዳሜ ይቆማሉ።

በክረምት ጨዋታ የሚታየው ከመኪና ውስጥ ነው። ቱታቸው ጭቃ የለበሰ ልጆች ሞላላዋን ኳስ ተከትለው ሲራኮቱ፣ አባቶችና አያቶች ማሞቂያቸውን ለኩሰው፣ የፔርሙዝ ሻያቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ያያሉ። የያንዳራ ልጅ ጎል ያገባ እንደሆነ ሜዳውን የከበበው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል። አልቢ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን የትኛው ክላክስ የማን እንደሆነ ይለያል። የሉካንዳው ቱሪ ክላክስ ቀጭን ነው፤ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ክላክስ ያፍራል፤ የሌን ፋልከን ግን እንደ ኮርማ ነበር የሚጮኸው።

አልቢ ጆሮ ነበረው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርባውን የፈጀው ከሐዲዱ ዳር በቆመው የስንዴ ጎተራ ነው። እህል የሚያወጣው ሰንሰለት ሊበጠስ ሲል፣ ማንም ምንም ሳያይ፣ አልቢ አንድ ቀን አስቀድሞ ይሰማዋል። ረጅም ጠመንጃ መፍቻውን በአንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ በሌላው ጫፍ ጆሮው ላይ ያደርግና እንደ ሐኪም አንገቱን ያዘነብላል። "ሦስተኛው ሲሊንደር" ይላል። ሲከፈት ሦስተኛው ሲሊንደር ነው።

ለሞተር ያለው ቃል ግን ለሰው አልነበረውም። ሚስቱ ኖርማ የተቀበረች ዕለት ቄሱ "ጥቂት ቃል ተናገር" ቢሉት፣ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን ካዟዟረ በኋላ "ጥሩ ሴት ነበረች" አለና ተቀመጠ። ከመቃብሩ ሲመለሱ ሌን ከጎኑ ሆኖ ሄደ፤ ሄደ፤ ከዚያ፣

"ኪንግስውድህ ዛሬ ስትመጣ አንድ ሲሊንደር ትስታለች" አለው።

"አትስትም።"

"ትስታለች። ፋልከን ብትይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣብህም ነበር።"

ሁለቱ የቀብር ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ጥለው፣ እስኪመሽ ድረስ ከኪንግስውዷ ኮፈን ሥር አጎንብሰው ዋሉ። ሲሊንደሩ ምንም አልነበረውም። አልቢም አውቆታል፤ ሌንም አውቆታል። ለቅሶ መድረስ እንዲህ ነበር የሚያውቁት።

ክርክራቸውን የከተማው ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ ጨዋታው ሳይጀመር ከኮፈኖቹ ፊት ሰብሰብ ይባላል፤ ቱሪ ከቫሊያንት መኪናው ይወርዳል፤ ማንም ቫሊያንትን ከቁም ነገር ስለማይቆጥር ዳኛ ያደርጉታል።

"ግመልስ አንዴ ጠጥቶ ሳምንት ይሄዳል" ይላል አልቢ። "ይሄ ፋልከን ግን ማደያ ባየ ቁጥር ይንበረከካል።"

"ያንተዋ ደግሞ ዳገት ስታይ ኑዛዜ ትገባለች።"

"እዚህ አገር ዳገት የት አለና!"

"ለዚህ አይደል እስከ ዛሬ በሕይወት የኖረችው!"

"ስማ፣ እኔ ይችን ሞተር ሜዳ ላይ በአንድ መፍቻና በአንድ ቢላ ፈትቼ እገጥማታለሁ።"

"እሱማ ልምድ ነዋ፣ ወንድሜ! በየወሩ እየፈታህ እንዴት አትለምድ? የኔ ሞተር አራት ነጥብ አንድ ሊትር ነው። በግ የሞላ ተጎታች አስሬለት ምን እንደጎተተ እንኳ አልጠየቀኝም።"

"ሁለት ጊዜ አላስከፈትከውም?"

"አላስከፈትኩትም። ጎበኘሁት።"

ቱሪ እጁን አንስቶ "ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል፤ ቫሊያንት" ብሎ ይፈርዳል። ይስቃሉ። እያንዳንዱ ወደ መኪናው ይገባል።

ነገሩ የሆነው ድርቁ ሦስተኛ ዓመቱን በያዘበት ክረምት፣ በሐምሌ ነው። ሌን ያን ዓመት አልዘራም፤ በጎቹንም ከመጋቢት ጀምሮ ሸኝቶ ጨርሷል። ያን ቅዳሜ ግን ዘነበ። ለዘር የማይሆን፣ ልብ ብቻ የሚያበርድ ካፊያ። ነፋስ አልነበረም። ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ማሞቂያውን ከፍቷል።

ሌን ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ወደ አልቢ መጣ።

"እስቲ ና ስማልኝ። ከሥር አንድ ድምፅ አምጥቷል።"

አልቢ አጎነበሰ። ጠመንጃ መፍቻ አላስፈለገውም። ከነጂው ወንበር ሥር፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ፣ የታፈነ ፍት፣ ፍት፣ ፍት ይላል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን በከንፈሩ እንደሚያደርገው። የተቀደደ ቱቦ ነው። አልቢ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አወቀው።

"ቆም ስል ደግሞ ይሸተኛል" አለ ሌን።

ቱሪ መጥቶ ቆሟል፤ አስተማሪውም፤ ሌሎችም ሦስት አራት ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ አልቢ ያውቃል። ቀና አለ፤ ጉልበቱን አራገፈ።

"በሽታ አይደለም" አለ። "ፋልከን መሆኑ ነው።"

ሳቁ ከአጥሩ እስከ ነጥብ ሰሌዳው ተሰማ። ሌንም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው። "አንተ ክፉ ሽማግሌ" አለና ጀርባውን መታ አድርጎት ወደ መኪናው ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱንም እስከ ጫፉ ከፍ አድርጎ ዘጋ።

ከጨዋታው በኋላ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር አልቢ። ቤት ወስደን እናነሳዋለን፣ ቱቦውን እንቀይራለን ብሎ። ይህን ለራሱ ያለው ያን ጊዜ ይሁን በኋላ፣ አሁን እርግጠኛ አይደለም።

የመጀመሪያው ጎል ሲገባ ኮርማው ጮኸ። ሁለተኛውም ሲገባ ጮኸ። ሦስተኛው ከዕረፍት ትንሽ ቀደም ብሎ ገባ፤ ክላክሶቹ ሜዳውን ዞሩ፤ ከአልቢ ቀኝ ግን ዝም አለ። አኩርፏል፣ አለ አልቢ በልቡ። ደስም አለው፤ ሌንን ማስኮረፍ በየዓመቱ አይገኝም። በዕረፍት ሰዓት ሥጋ የተሞላ ፓይ ከሜዳው መሸጫ ሊገዛ ሲሄድ በፋልከኑ ፊት አለፈ። መስታወቱ በትንፋሽ ተደፍኗል፤ ከኋላው የሌን ባርኔጣ ዓይኑ ላይ እንደወረደ ይታያል። አልቢ እንደ ልማዱ ኮፈኑን ሁለቴ በመዳፉ መትቶ አለፈ።

ፓዩን የሸጠችለት የሌን ሚስት ቤሪል ናት። ሐምሌ በሙሉ የመሸጫዋ ተራ የእሷ ነው።

"ያ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?" አለችው፣ ቲማቲም ስጎውን እየገፋችለት።

"አኩርፏል። ፋልከኑን ሰድቤበት።"

"እሰይ። አንድ ቀን እንኳ ቤት ውስጥ ዝም ይበልልኝ።"

በሦስተኛው ሩብ ያንዳራ ሁለት ጎል አከታትሎ መሪነቱን ያዘ። እንዲህ ያለ ነገር በዓመቱ አልታየም፤ ሰው ክላክሱ ላይ ተኛበት። ፋልከኑ ዝም አለ። አልቢ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ቱሪ "ክላክሱም ሞተበት!" ብሎ ጮኸ። ቱሪ ሳቀ። አልቢ ኪንግስውዷን በሌን ፈንታ ጭምር ሁለት ጊዜ አስጮኻት፤ ለማብሸቅ።

ጨዋታው አልቆ መኪናው ሁሉ ሲነሳ ፋልከኑ አልተነሳም። አልቢ ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ። ሞተሩ ይሠራል፤ ማሞቂያው ይሠራል፤ ሬድዮው የፈረስ ውድድር ይተርካል። ግማሽ የተበላ ፓይ መሪው ፊት ተቀምጧል። የሌን ፊት በሕይወቱ ያልነበረው ዓይነት ቀይ፣ ጤነኛ የመሰለ ነበር። አልቢ በሩን ከፈተና ስሙን ጠራው። ከዚያ ከእሱ ይወጣል ብሎ ባላሰበው ድምፅ ቱሪን ጠራ።

ፖሊሱ ከመኪናው ሥር ያገኘው አንድ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ነው። ሌን የተቀደደውን ቱቦ በዚያ ባዶ ቆርቆሮ ጠቅልሎ፣ በአጥር ሽቦ አስሮት ነበር፤ በዚያ አገር ግማሹ ሰው የሚያደርገው ነው። ቆርቆሮው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ የነጂው እግር ሥር ደግሞ ወለሉ በዝገት ተበልቷል፤ የገደለው ጭስ የገባው በዚያ ነበር። ፖሊሱ የጻፈው ይህን ብቻ ነው። ፈልጎ ነው አላለም፤ ሳይፈልግ ነው አላለም።

ሰው ግን አለ። ጮክ ብሎ አይደለም። መሸጫው ጋ፣ ፖስታ ቤት በር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ። "አልዘራም እኮ።" "በጎቹ ከሄዱ ወዲህ ፈዞ ነበር።" "መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ...።" ከዚያ ቤሪል ስትመጣ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀመራል። ዝናብ ግን ዳግመኛ አልመጣም ነበር።

አልቢ ሐሙስ ሐሙስ እንጨት ፈልጦ ያመጣላታል። ማንም አልጠየቀውም። እንጨቱን ከጓሮ በር ይደረድርና ሻይ ይጠጣል፤ እሷ ስለ ምንም ታወራለች፤ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። በአራተኛው ሐሙስ ምንም አላወራችም። የሻይ ጽዋዋን ሳትነካው፣

"አልቢ፣ የዚያን ቀን ምን አለህ?" አለችው።

"ማን?"

"ማን ይሆናል!"

አልቢ ጽዋውን አየ። "ስለ መኪና ነው ያወራነው። እንደ ሁልጊዜው።"

"ሌላ ምንም?"

"ሌላ ምንም።"

ራሷን ነቀነቀች። "ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ተኛሁ" አለች። "አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አስቦ ቁርሱን ጨርሶ ይበላል? እንቁላሉን ጨርሶ ነው የሄደው፣ አልቢ። በዳቦ ጠርጎ። ይህን በልቡ ይዞ ከሆነ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከማን ጋር ነበርኩ?"

አልቢ ሻዩን ጨልጦ ተነሣ። ከባለቤቷ ቀብር ወዲህ ቅዳሴ ስትሄድ ከኋላው ወንበር እንደምትቀመጥ፣ ሌሎች ለቁርባን ሲነሡ እንደማትነሣ ሰምቷል። መኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ፣ ሳሎን ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ አይቷል። ሲወጣ የእንጨቱን ክምር ያለ ምክንያት አፍርሶ እንደገና ደረደረው።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም። የሚሰማው ጩኸት አይደለም፤ ያ ትንሽ ድምፅ ነው። ፍት፣ ፍት፣ ፍት። ሻይ ሲያፈላ ይሰማዋል፤ ጫማውን ሲያስር ይሰማዋል። በዕድሜው የታመነ ጆሮ ነበረው፤ አሁን ያ ጆሮ አልተወውም።

በአምስተኛው ሐሙስ በቀን ብርሃን ወደ ሌን ጋራዥ ገባ። ፖሊስ ፋልከኑን መልሶታል፤ አቧራ ለብሶ ቆሟል። አልቢ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በጀርባው ገባ። ቆርቆሮው እዚያው ተንጠልጥሏል። ሽቦው አንድ ዙር ሳይሆን ሁለት ዙር ነው፤ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በቱቦውና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ እሳት የማይፈታው ማጣበቂያ በጣት ተለቅልቋል፤ የሌን አውራ ጣት አሻራ ደርቆ አለበት። አልቢ በጀርባው እንደተኛ ጣቱን በዚያ አሻራ ላይ አደረገ፤ ረጅም ጊዜም አላነሳው።

ለመሞት የሚፈልግ ሰው ቀዳዳ አይለቀልቅም።

ደስታ የመሰለ ነገር ደረቱን ሞላው። ይበቃል፤ ይህን ብነግራት ይበቃታል፣ ሌላውን ማውራት አያስፈልግም። እጁን ሳይታጠብ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ፤ ቆሞ ነገራት። ሁለት ዙር ሽቦ፤ የታጠፈ ጫፍ፤ ማጣበቂያ። በሕይወቱ ያን ያህል በአንዴ ተናግሮ አያውቅም።

ቤሪል እስከ መጨረሻው ሰማችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሊከፈት ሲል አየ፤ ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ።

"ማጣበቂያው የማክሰኞ ነው" አለች። "ማክሰኞ ሲለቀልቅ አይቻለሁ። የቅዳሜው ሌላ ነው። ቅዳሜ እንደሚያፈስ ካወቀ ለምን ዝም አለ? አንተ አጠገቡ ነበርክ። ያንተን ጆሮ አገር ያውቀዋል። መኖር ቢፈልግ አንተን አይጠይቅህም ነበር?"

አልቢ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የቅባት እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ መልሶ አነሳው።

"ጠይቆኛል" አለ።

"ምን?"

"ና ስማልኝ አለኝ። ይሸተኛልም አለኝ። ሰማሁት። ቱቦው እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ቤሪል። ወዲያው ነው ያወቅኩት። ሰዎቹ ቆመው ነበር። እኔም... 'በሽታ አይደለም፣ ፋልከን መሆኑ ነው' አልኩት። ሳቁ። እሱም ሳቀ። ገብቶ ዘጋ።"

ቤሪል አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ በጣቶቿ መካከል ተነፈሰች፤ ከውኃ ውስጥ እንደ ወጣ ሰው።

"ጠይቆሃል" አለች።

"ጠይቆኛል።"

"መኖር ፈልጎ ነበር።"

"አዎ።"

"አምስት ሐሙስ" አለች። ድምፅዋ አልከፋም፤ ለዚያ ነው የከበደው። "አምስት ሐሙስ እዚህ ተቀምጠህ የኔን ሻይ ጠጣህ።"

አልቢ ባርኔጣውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ጠራችው።

"ለኔ ነገርከኝ፤ ደግ። ሐሜቱ ግን እኔ ወጥ ቤት ውስጥ አይደለም ያለው። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። የሳቁት ሁሉ ይመጣሉ። እዚያው፣ የቀለድክበት ቦታ ላይ ቆመህ ንገራቸው።"

"ቤሪል፣ እኔ ሰው ፊት..."

"ለፋልከን አንደበት ነበረህ።"

ቅዳሜ አልቢ ኪንግስውዷን በቦታዋ አቆመ። በቀኝ በኩል ባዶው ቦታ እንዳለ ነው፤ ማንም አልገባበትም። ቱሪ መጣ፤ አስተማሪው መጣ፤ የዚያን ዕለት የነበሩት ሁሉ በየፊናቸው ወረዱ። ከሌን ሞት ወዲህ ክርክር አልነበረም፤ ሰው የሚሰበሰበው ከልማድ ነው። የቤሪል ትንሽ መኪና ከመሸጫው ጎን ቆማለች፤ ቤሪል ከውስጥ አልወጣችም።

አልቢ ባርኔጣውን አውልቆ አዟዟረው።

"ሌን ራሱን አላጠፋም" አለ።

እጆች ከኪስ ወጡ።

"ማንም እንዲህ አላለም፣ አልቢ" አለ አስተማሪው ቀስ ብሎ።

"ብላችኋል። እኔም ዝም ብያችኋለሁ። የዚያን ቀን እዚህ ቆሞ ስማልኝ ሲለኝ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ጨዋታ መስሏችኋል። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። የተቀደደ ቱቦ ነበር። እያወቅኩ ቀለድኩበት።"

ቱሪ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

"ማናችንም ብንሆን ያንኑ እንል ነበር" አለ። "እሱስ ላንተ ያንኑ አይልህም ነበር?"

"ይለኝ ነበር" አለ አልቢ። "እሱ ግን የኔ ጆሮ አልነበረውም። አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።"

ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ኪንግስውዷ ገባ። ሰዎቹ ተበተኑ። በኋላ እንደታየው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በያንዳራ አጥር ላይ ስለ ሞተር የተከራከረ የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። በመጀመሪያው ሩብ የያንዳራ ልጅ ከሩቅ መትቶ አገባ፤ ክላክሶቹ ከመሸጫው ተነስተው፣ በነጥብ ሰሌዳው ዞረው፣ ወደ አልቢ መጡና አለፉት። እጁን መሪው ላይ አድርጓል፤ እጁ አልጫን አለው። ሁለተኛው ጎል ገባ። አሁንም አልቻለም። መስታወቱ በትንፋሹ ቀስ በቀስ ተደፈነ፤ ሜዳው ጠፋ፤ ቀለማት ብቻ ቀሩ።

መስኮቱ ተንኳኳ። ጠንካራ፣ አጥንት ያለው የጣት አንጓ። እጀታውን አዙሮ ዝቅ አደረገው።

ቤሪል ናት። መሸጫውን ዞራ፣ የሜዳውን ዳር ተከትላ በአቧራ ውስጥ መጥታለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ቀለሙ ጠፍቷል። ትንፋሿ አጥሯል። ዓይኑን አላየችውም፤ ያየችው ደረቱን ነው፣ ከፍ ዝቅ ሲል።

"ክላክስህን አልሰማሁም" አለች።

አልቢ አፉን ከፈተ።

"ምንም አትበል። መስኮቱን ክፍት አድርገህ ተቀመጥ።"

ዞራ ሄደች። ብርዱ ገባ፤ ማሞቂያውን አሸንፎ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ። አልቢ መስኮቱን አልዘጋም። ሐሙስ እንጨቱን ይዞ ሄደ፤ የጓሮው በር ተቆልፎ ነበር፤ እንጨቱን ደርድሮ፣ ሳያንኳኳ ተመለሰ።